እህቴ ከዓረብ አገር የደወለች ቀን

ሰው እያናገራችሁ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማችሁ፣ ቃሉ ግን አልያዝ ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል። ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ጆሮዬ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ ጤና ጣቢያ ወስደውኝ "ጤነኛ ነው" ተብያለሁ። ችግሩ ከጆሮ ወዲያ ነው፤ ሁለት ሰው ባንድ ላይ ካወራ፣ ወይም ዝናብ ቆርቆሮውን ከመታ፣ የሰማሁት ሁሉ ተጣብቆ አንድ ጩኸት ይሆንብኛል። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪ ሲጠይቀኝ ላብ ጀርባዬን ያርሰው ነበር። የክፍሌ ልጆች ደግሞ "ጆሮህን ቤት ረስተኸው መጣህ እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ "እሺ" ማለት ለመድኩ። ለሁሉም ነገር፣ እሺ።

ባለፈው ክረምት፣ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ከዓረብ አገር ደወለች። እሷ ስትደውል ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሰላምታውን ሳያደርስ የሚወጣ የለም። እማ ስልኩን ሰጠችኝ።

"አንተ ተምረሃል፣ አንተ ስማት።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እህቴ በጥድፊያ ታወራለች። ማልቀሷ ገባኝ፤ ሌላው አልገባኝም።

"ምን አለች?" አለች እማ።

"የኔንም ሰላምታ ንገራት እንጂ!" አሉ ጎረቤታችን አሮጊቷ። "ዳቦ ቆሎው ደረሰሽ ወይ በላት!"

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። የምትጠይቀኝን ሳላውቅ እሺ ብላት፣ እሷም የሰማኋት መስሏት ብትዘጋውስ? ጋቢዬን ከነስልኩ ተከናነብኩ።

"እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ በይና ዝም በይ። እኔ እደግመዋለሁ። ልክ ከሆነ አዎ በይኝ።"

"ከቤቱ ወጣሁ።"

"ከቤቱ ወጣሽ።"

"አዎ። ያገር ልጆች ጋ ነኝ።"

"ያገር ልጆች ጋ ነሽ።"

"አዎ። አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን ከለከሉኝ።"

"አሠሪዎችሽ ፓስፖርትሽን ከለከሉሽ።"

"አዎ። ለእማ እንዳትነግራት።"

ያን ጊዜ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱን ያስተዋልኩት። ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮህኩ ነበር የምደግመው። እማ ጋቢውን ገፈፈችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"አብሽሪ ልጄ። መቱሽ ወይ?" ብላ መልሱን ጠበቀች። "አልመቱሽም" አለች እማ፣ ልክ እንደኔ እየደገመች። "ነገ ያገር ልጆቹ ኤምባሲ ይወስዱሻል። እሺ።" ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እህቴ እስካሁን ወደ አገር መመለሻ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትለው ቢያመልጠኝስ እላለሁ። ቢሆንም አሁን እሷ ስትደውል ጎረቤቱ ሰላምታውን በተራ ነው የሚያደርሰው፤ እሷም አንድ ነገር ብላ ትጠብቀኛለች።

እናንተም ቤት ወይም ክፍል ውስጥ ደጋግሞ "ምን?" የሚል ልጅ ካለ አትጩሁበት። ሌላው ዝም ይበል፤ ፊቱን እያያችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፣ ከዚያ እስኪደግምላችሁ ጠብቁት። እባካችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት።