ማማ ፎላ በኦሮ ቀን

ዳንደኖንግ ገበያ አንድ ሻጭ የሰቀለውን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። የቅጠል ማቅለሚያው ሽታ ገና አልለቀቀውም። በልጅነቴ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ያለ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን የነበሩት ማማ ፎላ የሚለብሱት ጨርቅ እንዲህ ይሸት ነበር።

ማማ ፎላ ናይጄሪያዊ ናቸው፣ ከዮሩባ ሕዝብ። በትውልድ ከተማቸው ኦሮ የሚባል የወንዶች በዓል አለ። በዚያ ቀን ከውጭ አንድ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል፤ ሴት በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ወጥታ ያየች በሕይወት አትኖርም ይባላል። ማማ ፎላ ግን በየዓመቱ ቀኑን አገር ቤት ደውለው ይጠይቁና ያን ጨርቃቸውን ለብሰው በጠራራ ፀሐይ ይወጣሉ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ተከተልኳቸው። እናቴ "በሌላ ሰው አምልኮ ምን ጥልቅ አደረገሽ?" ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ማማ ፎላ ደረታቸውን ነፍተው ቀስ እያሉ መንገዱን ተሻገሩ። ትራሙ ደወለባቸው፤ አልፈጠኑም።

"የሚያጓራው ግን ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"አውቀዋለሁ። እናቴም ታውቀው ነበር። የማታውቅ ሴት ያለች መሰለሽ?"

"ታዲያ ይንገሩኝ።"

ቆም ብለው አዩኝ። "እኔ የተጣላሁት ከበሩ ጋር ነው፤ ከምስጢሩ ጋር ምንም ጠብ የለኝም።"

ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጨርቁን ገዛሁት። ሻጩ እየጠቀለለ "ለበዓል ነው?" አለኝ።

"መንገድ ላይ ለመልበስ ነው፤ አትጠቅልለው" አልኩትና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ።