በፕላኑ ላይ የተደፈነው ጉድጓድ

ቦንጋ የሚገኘውን የአባቴን ቤት ላድስ ስነሳ ከአዲስ አበባ አርክቴክት አስመጣሁ። የከተማችን ሰው ቤት የሚሠራው ከግንበኛው ጋር ቆሞ፣ በእንጨት መሬቱን እየጫረ ነው። እኔን ግን በቀለም የታተመ ሥዕልና ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት አማረኝ። እዩልኝ እዩልኝ ማለት እወዳለሁ፤ አሁን ይህን መደበቅ ምን ይጠቅመኛል?

አርክቴክቷ ወጣት ናት፤ ሰው አክባሪና ጠያቂ። በዚያው ግቢ ከምትኖረው ከእናቴ ጋር ሳስተዋውቃት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩን ግን ከገበያ ውጭ አትደፍረውም፤ ከእኛ ጋር ወሬዋ በካፊኖኖ ነው። ፈገግ ብላ ከኋላ ከኋላችን ትከተለን ጀመር።

ጓሮ ስንደርስ አርክቴክቷ እንሰቱን በጣም ወደደችው። ሳሎኑ ወደዚህ ይዙር፣ መስታወቱም እዚህ ይግባ አለች። ከዚያ ቆም ብላ አፍንጫዋን ነካ አደረገች።

"እዚህ ጋ ፍሳሽ አለ እንዴ?"

ፍሳሽ አልነበረም። የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ ነበር። ከሰፈር ሴቶች ጋር በደቦ ፍቃ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ጭና የቀበረችው የወራት ምግብ ነው። ሲብላላ ይሸታል፤ እዚህ ያደገ ሰው ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። "ቆጮ ነው" ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ስለ ጣሊያን ሴራሚክ ሳወራ ቆይቼ ቆጮ ማለቱ አሳፈረኝ።

"የድሮ ሽንት ቤት ነው፤ ይደፈናል" አልኳት።

ዞር ስል እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች ነበር። አልሰማችም ብዬ ራሴን ደለልኩ።

አርክቴክቷ ፕላኑ ላይ ክብ ሠርታ "ነባር ሽንት ቤት፣ የሚደፈን" ብላ ጻፈች። ውሸቴ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ገባ። ሐሳቤ ሥራው ሳይጀመር ለእናቴ ነግሬ ቆጮውን ማስወጣት ነበር። ግን ምን ብዬ? አውጪው ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ደግሞ ምግቧን ምን ብዬ እንደጠራሁት ልነግራት ነው። ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ አለቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ለቡና ጉዳይ ዋጫ ከተማ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ሠራተኞቹ ዝናቡ ጋብ ሲልላቸው ሥራውን ቀድመው ጀምረውት ኖሯል። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ድንጋይና አፈር ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ ጠበቀኝ።

ፎርማኑን ለብቻው ጠራሁት። የዚሁ አገር ሰው፣ የሺሺንዳ ከተማ ልጅ ነው፤ ቆጮ በልቶ ያደገ።

"አንተ እንኳ ቆጮና ሽንት ቤት መለየት ያቅትህ?" ብዬ ጮኽኩበት። ጥፋቱ የኔ፣ ቁጣው በሱ ላይ።

"ጋሼ፣ እኔማ ለይቻለሁ" አለኝ። "ድንጋዩን አንስተን ቅጠሉን ሳይ ሥራ አስቆምኩ። እማማ ጋ ሄጄ፣ 'ፕላኑ ተሳስቷል፤ ይሄ የእርስዎ ቆጮ ነው፣ እናውጣልዎት?' አልኳቸው።"

"እሷስ ምን አለች?"

መልሱን ከመናገሩ በፊት መሬት መሬት አየ።

"'ልጄ ሽንት ቤት ነው ካለ ሽንት ቤት ነው፤ በእንግዳዋ ፊት ውሸታም እንዳይባልብኝ፣ ድፈኑት' አሉኝ። ጠቅጥቀን እስክንጨርስም አጠገባችን ቆመው ነበር።"

እንዲህ ያለ ሐፍረት ይዞኝ አያውቅም። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ እንኳ ሳላራግፍ ገባሁ። እናቴ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥባለች።

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አለችኝ። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "ቆጮ የለም፤ ዳቦ አስገዝቼልሃለሁ።"

በላሁ። ቤቱ ካለቀ ቆየ፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት፣ ያን ቀን እንደሰማችኝ ማወቄን መናገሬ ነው፤ እሷ ደግሞ እንዳልሰማች ሆና ልትሸፍነኝ ምግቧን ቀብራለች።