ሬሳውን ፎቶ አንሳ የተባልኩ ቀን

ጠዋት ፒያሳ ያለችውን የፎቶ ሱቄን ልከፍት ስል አንድ ባንዳ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ...

«ካሜራህን ያዝና ና። ሹሙ ይፈልግሃል።»

ጊዜው ጎንደር በጣሊያን እጅ የነበረችበት ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። ካሜራዬንና ማቆሚያውን ተሸክሜ ተከተልኩት።

ጣሊያኖቹ ያውቁኛል። ከዚያ በፊት ለፖስታ ካርድ የሚሆን ፎቶ አስነስተውኛል። አንድ ደብር አጠገብ የኔታ ወልደ ሰንበት የሚያስተምሩበት የሥዕል ትምህርት ቤት ነበር፤ ተማሪዎቹን ቀለም ሲበጠብጡ፣ ሸራ ሲወጥሩ፣ ከግንቡ ሥር ተደርድረውም አንስቻቸዋለሁ። አዱኛን የማውቀው ያኔ ነው። የጃናሞራ ልጅ ነው። ሸጋ ወጣት... የኔታ የመላእክትን ዓይን ለሌላ ተማሪ አያስነኩም፣ ለሱ ይተዉለታል።

ብቻውን ላነሳው ስል ቶሎ ብሎ ዞረብኝ።

«በቀኝ በኩል አንሳኝ፣ አያ» አለኝ። ግራ ጆሮውን በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ጫፉ የለም። ያፍርበታል። እሺ ብዬ በቀኝ አነሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዱኛ ብሩሹን ጥሎ ጫካ ገባ፤ ከአርበኞቹ ጋር። ጣሊያኖቹ እሱን ሲያጡ እናቱን ከአገራቸው ከመካነ ብርሃን አምጥተው አሰሯቸው። «ልጅሽ እጁን ካልሰጠ አትወጪም» አሏቸው።

ባንዳው የወሰደኝ እዚያው እሳቸው የታሰሩበት እስር ቤት ጓሮ ነው። ቃሬዛ ላይ ሬሳ ተጋድሟል። በዳባት መንገድ በተኩስ የወደቀ አርበኛ ነው አሉ። ጣሊያኑ ሹም እኔ ያነሳሁትን የአዱኛን ፎቶ ይዞ አንዴ ፎቶውን ያያል፣ አንዴ ሬሳውን። ግን ፎቶው ላይ የሚታየው ቀኝ ፊት ነው፤ የሟቹ ደግሞ ቀኝ ፊቱ በጥይት ተበላሽቷል። ማመሳሰል አልቻለም።

«መጀመሪያ ፎቶ አንሳው» አለኝ በአስተርጓሚው።

ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ በካሜራው መስታወት አየሁት። የአዱኛ እኩያ ነው። ጠጉሩም ቁመናውም ይመስላል... ግራ ጆሮው ግን ሙሉ ነው። ምንም አልጎደለው።

አዱኛ አይደለም!

ፎቶውን አንስቼ ከጨርቁ ሥር መውጣት አቃተኝ። ወጥቼ ምን ልል ነው? አይደለም ብል እናትየው እዚያው በስብሰው ይቀራሉ፣ ልጁንም ማሳደዳቸውን አይተዉም። ነው ብዬ ውሸቴ ቢታወቅ ደግሞ የምሰቀለው እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል እናትየውን አመጧቸው። ቀጭን፣ ረዥም ሴት ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን ሰንሰለት አቁስሎታል። አስተርጓሚው የኛው ሰው ነበርና ዓይናቸውን ማየት አፈረ።

«እማማ... ልጅዎ ነወይ ይሉዎታል።»

ጎንበስ ብለው አዩት። በመዳፋቸው ጠጉሩን ደጋግመው ዳሰሱት። እንግዲህ አይደለም ሊሉ ነው አልኩ በልቤ።

«አዱኛዬ!»

ላዩ ላይ ተደፉበት። ልጃቸው መስሏቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ሹሙ ግን አልረካም። ፎቶውን ወደኔ ዘረጋ።

«አንተ በቅርብ አይተኸዋል። እሱ ነው?»

ወደ እናትየው ዞርኩ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ያለቅሳሉ። እጃቸው ግን የሟቹን ግራ ጆሮ ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖታል።

ያኔ ገባኝ።

«እሱ ነው» አልኩ።

ሹሙ ፎቶውን ኪሱ ከተተ። እናትየው ተፈቱ፣ ሬሳውም ተሰጣቸው። ተማሪዎቹ ጓደኛችን ነው ብለው እየተንሰቀሰቁ ተሸክመው ደብሩ ወሰዱት። ባንዳውም እስከ መቃብሩ ተከተለን።

ፍትሐቱን የኔታ ጀመሩ። ሲጸልዩ ለመጥራት «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው እናትየውን ጠየቁ።

እናትየው ወደ ባንዳው ሰረቅ አድርገው አዩና ወደ የኔታ ጆሮ ጠጋ አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እሱን እግዜር ያውቀዋል፣ የኔታ።»

የኔታ ለአፍታ አፍጥጠው አዩዋቸው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸሎቱን ቀጠሉ... ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ብቻ ድምፃቸው ጠፋ።

ከቀብር ስንመለስ ባንዳው ሄዷል። እናትየው ግን ልቅሷቸውን አላቆሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩ።

«እናቴ፣ አሁንማ የሚያየን የለም። ይብቃዎ።»

ቆም ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ምነው ልጄ? ለነሱ ብዬ የማለቅስ መስሎሃል? የሰው ልጅ እኮ ነው። እናቱ የትኛው አገር ደጅ ደጁን እያየች እንዳለች አላውቅ... እሷ እስክትሰማ ማን ያልቅስለት?»

እስከ ሠልስቱ የኔታ ቤት ተቀምጠው አለቀሱለትና አገራቸው ገቡ።

ጣሊያን ሲወጣ አዱኛ በሕይወት ተመለሰ። ጢሙን አሳድጎ፣ ከስቶ... መጀመሪያ የሄደው ወደ እናቱ ነው፤ ቀጥሎ በሱ ስም ወደተቀበረው ሰው መቃብር።

የሟቹን ማንነት ግን እስከዛሬ የነገረን የለም። ያን ቀን ያነሳሁት የሬሳው ፎቶ ቅጂ እኔው ጋ አለ። በዕድሜ የገፉ እናት ፎቶ ሊነሱ ሱቄ በገቡ ቁጥር መብራቱን ከማስተካከሌ በፊት ፊታቸውን አያለሁ... እሱን ይመስሉ እንደሆን።