የመሪጌታ አራት ዓረፍተ ነገሮች

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው "መምህር፣ አንድ ጊዜ ለጥያቄ እንፈልግህ ነበር" አሉ። እኔም እንደ ሞኝ "ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል" አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። ተማሪዎቼ አልሳቁም። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ያስገቡኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ወሰዱ። ኪሴ ውስጥ የነበሩትን ሦስት ስባሪ ጠመኔዎች ግን ፈታሹ አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። የብረቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የነቀዘ በቆሎ፣ የእርጥብ ጋቢ፣ የብዙ ሰው ትንፋሽ። መስኮት የሚባል የለም፤ ከጣሪያው ሥር በብረት የታጠሩ ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። ግድግዳው ላይ ድሮ ጆንያ እስከተደረደረበት ድረስ ነጭ መስመር ቀርቷል። ከመስመሩ በታች አሁን ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል።

"ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ብርዱን አታስገባብን" አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ሰዉ ሳቀ። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

እሳቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ካለ የገጠር ደብር የመጡ የቅኔ መምህር። ስማቸውንም የደብራቸውንም ስም አልጽፍም። የተያዙት በአካባቢያቸው ተኩስ በነበረበት ሰሞን አንድ የቆሰለ ታጣቂ ቤታቸው ገብቶ ታክሞ ወጥቷል ተብሎ ነው። ማን እንዳከመው በየሳምንቱ ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም ሄደው፣ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሳሉ። "ምን አሉዎት?" ስንላቸው "እነሱ ጠየቁ፣ እኔ ሰማሁ" ይሉናል። ማስረጃ ስላልተገኘ ሊፈቷቸው ነው የሚል ወሬ ነበር። ወሬው እውነት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር መሆኔን በሰሙ ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"መምህር፣ ያለፈን ነገር በእንግሊዝኛ መናገር ከባድ ነው?"

"ለምን ፈለጉት?"

ነገሩን አጫወቱኝ። ደብራቸው ጥንታዊ ስለሆነ አልፎ አልፎ ፈረንጅ ይመጣል። የሚያስጎበኘው ሰው ታሪኩን አያውቅም፤ እሳቸው ደግሞ ቋንቋውን አያውቁም፣ ቆመው ያያሉ። "ያ ሰውዬ አንድ ነገር ሲል ፈረንጆቹ ይስቃሉ። እኛ ዘንድ የሚያስቅ ታሪክ የለም። እንኳን ደኅና መጣችሁ ልበላቸው፣ መንገዱ እንዴት ነበር ልበላቸው፣ ከዚያ ታሪኩን እኔው ልንገራቸው።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጨመሩ። "የኛ ነገር እንደሁ ሁሉም ያለፈ ነው። ያለፈውን ከቻልኩ ይበቃኛል።"

በማግስቱ ጠዋት ከቆጠራ በኋላ ጀመርን። እኔ እንደ ልማዴ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። እሳቸው ወለሉን አላዩትም። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አደገደጉ፣ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"መሪጌታ፣ ምን መሆንዎ ነው? አባቴ ይሆናሉ እኮ!"

"ያስተማረ ሁሉ የኔታ ነው። ዕድሜ እዚህ አይገባም። ይቀመጡ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ሰዓት "የኔታ" እና "እርስዎ" ሆንኩ። ትምህርቱ ሲያበቃ ደግሞ ወዲያው እወርዳለሁ፤ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ያን ጀሪካን ወዲህ በለው" ይሉኛል።

የሚማሩት በቃል ብቻ ነው። እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይቀበሉኛል። "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ካም፣ ኬም፣ ካም። ጊቭ፣ ጌቭ፣ ጊቨን።" እንደ ግእዝ ግስ በዜማ ያወርዱታል። ሳምንት ሳይሞላ የመጋዘኑ ግማሽ አብሮ ያዜም ጀመር። የባጃጅ ሹፌሩ ከምርመራ የሚመለሰውን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ "ዌልካም! ሃው ዎዝ ዘ ሮድ?" ብሎ ይቀበለው ነበር፤ መንገዱ እንዴት ነበር ማለቱ ነው። አንዳንዱ እያነከሰ ነው የሚገባው። ያም ሆኖ ይመልስለታል።

አንድ ቀን መሪጌታ ቆጣ ብለው አስቆሙኝ።

"የኔታ፣ የግእዝ ግስ አለቃ አለው፤ ሌላው አለቃውን አይቶ ይሄዳል። የዚህ አለቃው የታለ?"

"እነዚህ አለቃ የላቸውም መሪጌታ። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው።"

"እንዲያ ከሆነ ሁሉም ሸፍቷል በሉኛ!"

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁላችንም ወደ በሩ አየን፣ ሳቁ ቀጥ አለ።

በሩ ላይ የሚቀመጠው ጠባቂ ግን አልተቆጣም። ሌሎቹ ይጮሁብናል፣ ይኼኛው አይጮህም። በትምህርት ሰዓት ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያዳምጠናል። ጨዋ ሰው ነው እንል ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። መምህርነት ክፉ አመል አስይዞኛል፤ የማርመው ካጣሁ ያመኛል። ተማሪዎቼ ያለፈ ጊዜ ጻፉ ሲባሉ "ትናንት ለንደን ሄድኩ" ይላሉ። ጎረቤታችን ያለችውን ሉማሜን ተሻግሮ የማያውቀው ሁሉ ለንደን ደርሶ ይመለሳል። ይህን አልወድም። ስለዚህ መሪጌታም አንድ ጠዋት "ትናንት ንጉሡን አየሁ" የሚል ነገር ሲያመጡልኝ አልተቀበልኳቸውም።

"የሆነ ነገር ያምጡ" አልኳቸው። "በእርስዎ ላይ የደረሰ። የራስዎ ካልሆነ ቋንቋው አይገባዎትም።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እውነት መሆን አለበት?"

"አለበት።"

ያችን ቃል መልሼ ለመዋጥ ስንት ነገር በሰጠሁ።

ሁለት ቀን ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ቅኔ የሚቆጥር፣ አዲስ ቅኔ በልቡ የሚያወጣ ተማሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ምግብ ስናቀርብላቸው "ቆዩኝ" ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሡ፣ አደገደጉ፣ መጋዘኑ መካከል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሰሙ። ቅኔ በሹክሹክታ አይባልም፤ ጉባኤው ሊሰማው ይገባል።

"ኤ ማን ኬም ቱ ማይ ሃውስ። ሂ ዎዝ ብሊዲንግ። አይ ዎሽድ ሂዝ ሌግ። አይ ዲድ ኖት አስክ ሂዝ ኔም።"

አንድ ሰው ወደ ቤቴ መጣ። ደም ይፈሰው ነበር። እግሩን አጠብኩለት። ስሙን አልጠየቅኩትም።

ከደስታዬ የተነሣ አጨበጨብኩ። አራት ዓረፍተ ነገር፣ አንዱም ያልተሰበረ! ከበሩ በኩል ያ ጠባቂ ቀስ ብሎ "'ዎሽት' ነው የሚባለው፣ 'ዎሽድ' አይባልም" አለ።

መሪጌታ ወደ እሱ ዞረው እጅ ነሡ። "ዎሽት። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።"

የተሰማኝን ልናገር፤ ቅናት ነው የተሰማኝ። ተማሪዬን እፊቴ አረመብኝ ብዬ ተናደድኩ። ሰውዬው እንግሊዝኛ እንደሚሰማ፣ አራቱንም እንደሰማ ያሰብኩት ስንቅ ከገባ በኋላ ዳቦ እየቆረስኩ ነው። ዳቦውን አስቀመጥኩት። ዞር ብዬ መሪጌታን አየኋቸው። ቆሎ እየቆረጠሙ ለብቻቸው "ዎሽት፣ ዎሽት" ይላሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጠራሁ። የመርማሪው ክፍል ድሮ እህል የሚመዘንበት ነው፤ ትልቁ ሚዛን አልተነሣም፣ ኮቱን ሰቅሎበታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፈውበታል።

"ተርጉምልኝ" አለ።

"የኔ ነው። ለልምምድ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"

"ሽማግሌው ያሉት አይደለም?"

"እሳቸው ምን እንግሊዝኛ ያውቃሉ? እኔ ፈጠርኩት፣ እሳቸው እንደ በቀቀን ደገሙት።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። መርማሪው እርሳሱን እያሽከረከረ አየኝ። ያመነኝ መሰለኝ፤ ወይም ማመን ፈልጓል። የሽማግሌውን ፋይል ሊዘጋ የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ሌላ ሥራ እንዲመጣበት አልፈለገም።

"ጥራቸው" አለው በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ።

መሪጌታ ገብተው ቆሙ።

"አባ፣ መምህሩ ይህን ነገር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ እያለ ነው። ልክ ነው ይበሉኝና ወደ ቦታዎ ይመለሱ።"

እሺ ይበሉት ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ።

"የኔታ ያስተማሩኝ ቃላቱን ነው" አሉ። "የተናገርኩት የራሴ ነው። የሰውን ቅኔ የኔ ነው ያለ ተማሪ ከጉባኤ ያፍራል። የራሱን ሰው ላይ የጫነም እንደዚያው ነው።"

"አባ፣ ይህ እኮ ቅኔ አይደለም። የእምነት ቃል ነው የሚሆንብዎት።"

"ይሁን። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ጋቢያቸውን አደገደጉ።

"የኔታ፣ ስህተት አለበት?"

አለበት ብል ሁለት ቀን ሳይበሉ የቆጠሩትን በጠላት ፊት ማዋረድ ነው። የለበትም ብል በእምነት ቃላቸው ላይ በእጄ ማኅተም ማድረግ ነው።

"የለበትም መሪጌታ" አልኩ። "አንድም ስህተት የለበትም።"

እንደ ተማሪ ፈገግ አሉ። ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። ያን ቀን አልከለከልኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ጋቢያቸውን ብቻ ነው ይዘው የወጡት። የባጃጅ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አነሣላቸው። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ወሬያቸውም አልተሰማም።

እኔ ከአንድ ወር በኋላ ተለቀቅኩ። ስገባ ለምን እንደሆነ እንዳልነገሩኝ ስወጣም አልነገሩኝም። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ተማሪዎቼ ግሱን በአንድ ላይ ሲሉ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላቸዋል። "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን።" አንዳንዴ ዝም በሉ እላቸዋለሁ። ዝም ሲሉም ይሰማኛል። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ዞር ብዬ የኋላ ወንበሮችን የማይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ላድናቸው መሞከሬ ገብቷቸው ነበር ወይስ የተማሪ ቤት ሥርዓት ይዟቸው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ?

በተኩሱ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት የመሪጌታን ሚስት ልጠይቅ ወደ ደብራቸው ሄድኩ። ሴትዮዋም ባለፈው ዓመት ስላረፉ ነው አሁን ይህን መጻፍ የቻልኩት። ያን ቀን መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እውነተኛ ነገር ያምጡ ያልኩት እኔ መሆኔንም አልደበቅኩም። አላለቀሱም፣ አልተቆጡኝምም። አራቱን ነገር በአማርኛ ደግሜ እንድነግራቸው ብቻ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

"እግሩን አጠብኩለት አሉ?"

"አዎ።"

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አሉ። "እሳቸው ደም ማየት አይችሉም። ደጅ ወጥተው ነበር የቆሙት።"

መርማሪው ፊት "ሌላ ሰው አልነበረም" ያሉት ለማን ብለው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጥያቄው ራሳቸው ላይ አብቅቶ ሚስታቸው ጋ እንዳይደርስ ነበር። የኔ ውሸት አልጠፋባቸውም፤ የኔን አልፈው የራሳቸውን ውሸት መረጡ። ሰውን ሁሉ ሳርም የኖርኩት ሰውዬ ይህን አላየሁም።

"በፈረንጆቹ ቋንቋ እንዴት ብለው ነው ያሉት?" አሉኝ። "እስቲ በልልኝ ልጄ።"

ተነሥቼ ቆምኩ፤ ቁጭ ብሎ የሚባል አልመሰለኝም። አንድ በአንድ አልኩላቸው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ እውነቱን አውቄዋለሁ፣ ሴትዮዋም ቀና ብለው ያዩኛል። አላረምኩትም። "አይ ዎሽት ሂዝ ሌግ" አልኩ፤ እግሩን አጠብኩለት። ራሳቸውን ነቀነቁና እንዝርታቸውን አነሡ። እዚህ ስጽፈውም መሪጌታ እንዳሉት ነው የተውኩት።