ሳሎናችን ውስጥ የተለማመድነው ጉዞ

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነው። ሜትር ከኪሱ አይለይም። ሳይለካ የገባበት ነገር ቢኖር ትዳር ብቻ ነው ትላለች እናቴ።

ሐኪሙ የእናቴን ዓይን አይቶ፣ ብርሃኗ ዓመትም ላይቆይ ይችላል ሲለን፣ እሷ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። አያቴ በወጣትነቱ ወደብ ላይ ሸክም የሠራባትን ያቺን ጥንታዊ ከተማ፣ እግሩ ባሕር ውስጥ የተነከረውን ግንቧን አንዴ ማየት ፈለገች።

አባቴ በጀት ያዘ። አውቶቡሱ ተቻለ፣ ምግቡም ተቻለ፣ የግንቡ መግቢያም እንደ ምንም ተቻለ። መኝታው ላይ ሲደርስ ግን ተጣበቀ። በመስኮቱ ባሕሩ የሚታይ ክፍል ዋጋው አይቀመስም። ለኪሳችን የሚሆነው ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነበር። በቃ ሂዱ እለዋለሁ፣ ቆይ እስቲ ይለኛል። ቆይ እስቲ ሲለኝ ደሜ ነው የሚፈላው።

አንድ እሁድ ጠዋት ብነሣ ሳሎናችን የለም። አባቴ የደንበኞቹን ሶፋዎች ዙሪያውን ገትሮ፣ ከላይ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ አከራዮቹ በስልክ በነገሩት ልክ ያቺን መስኮት የለሽ ክፍል ሠርቷታል። እናትህ ትችለው እንደሆነ እንሞክር አለኝ። ሰውዬው ለየለት አልኩ በሆዴ። እናቴ ግን እየሳቀች ገብታ ጋደም አለች። ለአንድ ምሳ የመደበላትን ምግብ በሰሃን ሲያቀብላት፣ አስተናጋጅ፣ ጨው ጎድሎታል ብላ አሾፈችበት።

እሱም ሊስቅ ጎንበስ ብሎ አያት። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰሃኑን በእጇ እየዳበሰች ትፈልጋለች። ፊቱ ልውጥ አለ። ወዲያው ሶፋዎቹን መጎተት ጀመረ። እዚህ ጉድጓድ ውስጥማ አላስተኛትም፣ ለከርሞ ቆጥቤ መስኮት ያለውን እከራያለሁ አለ።

እናቴ ወጥታ እጁን ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለከርሞ መስኮቱ ለማን ነው?»

አባቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሷ ናት ያባበለችው። በሳምንቱ ተሳፈሩ፣ እኔ ሶፋ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ክፍሏ ውስጥ የገቡት ለመተኛት ብቻ ነበር አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

ዛሬ እናቴ አታይም። አባቴ ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ ቁጭ ይልና ስለዚያች ከተማ ይጠይቃታል። እሷም የግንቡን ቀለም፣ የታንኳዎቹን አደራደር፣ ውኃው ሲመሽ መልኩ እንዴት እንደሚቀየር ትነግረዋለች። አንድ ቀን አላስችል አለኝና፣ አብራችሁ አልነበራችሁ እንዴ፣ አንተስ ምን አይተህ መጣህ ብዬ ነዘነዝኩት።

«እኔማ ባሕሩን የት አየሁት ልጄ፣» አለኝ፤ «እሷ ስታይ እሷን ሳይ ዋልኩ።»