ወረቀት ያለው እባብ

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ዳቦ ስደረድር ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው። «ሰላም! ቢስኩት እንዴት ነው? ቁስሉ ዳነለት?» ይላል። መጨረሻው ላይ የልብ ምልክት አለው።

ቢስኩት እባብ ነው... ወላሂ እባብ! የእኔ ስልክ ቁጥር እባብ ከሚያክሙ ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔን ግን እንቢ ብሎኛል።

እኔና የአክስቴ ልጅ ነስሩ በተሰደድንበት አገር፣ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለን። ቀኑን ሙሉ ከፍርግርግ ኋላ ተቀምጠን ዳቦና የስልክ ኤርታይም እንሸጣለን። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኮሮናው ሎክዳውን፣ ሰው ሥራ ፈቶ ሆዱ ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ሊዘርፉን መጡ። እነሱ የጓሮውን ቆርቆሮ ከውጭ ይጎትታሉ፣ ነስሩ ከውስጥ ይዞ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ጎረቤቶቻችን ጮኸው አባረሩልን። ቆርቆሮው ግን የነስሩን ቀኝ መዳፍ ተርትሮት ነበር።

እጁን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒክ ይዤው ሮጥኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ሙቀታችንን ለካ፣ ሳኒታይዘር ረጨልን፣ ከዚያ «ወረቀት» አለ። ነስሩ የስደተኛ ወረቀቱን በግራ እጁ አወጣ።

«ይሄ ጊዜው አልፏል።»

«ቢሮው በኮሮና ተዘግቶ እኮ ነው ወንድሜ! ይታደስልን ብለን በኢሜይል ልከናል...»

«ሲመልሱላችሁ ትመጣላችሁ።»

ደሙ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ ለመንኩ... ወይ ፍንክች! ቤት ወስጄ ማርና ጥቁር አዝሙድ አድርጌ አሰርኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

በማግስቱ እጁ አብጦ አደረ። እኔ ደግሞ ሱቁ ባዶ ስለነበር ዕቃ ላመጣ ጅምላ መሸጫው ሰፈር፣ ጀፕስታውን፣ ወረድኩ። ዕቃ የሚያከፋፍሉን ሐጂ፣ እዚሁ የተወለደ አንዋር የሚባል ልጅ አላቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሳጥን አቅፎ መጣ።

«አንክል ከድር፣ ፕሊስ፣ ቬት ጋ አድርሰኝ። ቢስኩት አፍንጫው ቆስሏል። አባዬ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ አይገባም አለኝ።»

«ቢስኩት ማነው?»

ክዳኑን ገለጥ አደረገልኝ። ተጠቅልሎ የተኛ እባብ! ሸሽቼ ልሄድ ነበር... ግን የእንስሳም ቢሆን ሐኪም ሐኪም ነው፣ ስለ ነስሩ እጅ እጠይቀዋለሁ ብዬ የዕቃ መኪናችን ላይ ጫንኳቸው።

የእንስሳት ክሊኒኩ የሀብታሞቹ ሰፈር ሳንድተን ነው፣ ግቢው አበባ በአበባ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ጭምብሏን አስተካክላ «ፐርሚት?» አለችን። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። በላስቲክ ጠቅልዬ የምይዘውን የስደተኛ ወረቀቴን ዘርግቼ ሰጠኋት።

ልጅቷ ሳቀች። «ያንተን አይደለም ባባ፣ የእባቡን ነው።»

አንዋር ስልኩን አሳያት። አለው! ቢስኩት ፈቃድ አለው፣ ያውም ጊዜው ያላለፈ። የአንዋር ስልክ ወዲያው ባትሪው ስላለቀ የእኔን ቁጥር መዘገበችና «ግቡ» አለችን።

ዶክተሩ እባቡን በሁለት እጁ ደግፎ አፍንጫውን አየው። ከማደሪያው የሽቦ ክዳን ጋር ሲታሽ ተልጦ ነው አለ።

«መውጫ ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚሆነው። ክዳኑን ለስላሳ አድርግለት። የሚደበቅበት ነገር ስጠው። እስኪድን የተነጠፈለትን የእንጨት ፍቅፋቂ አውጥተህ ንጹሕ ወረቀት አንጥፍለት። አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥነህ በቀስታ ጥረግለት። ሳኒታይዘር ባለበት እጅ ደግሞ እንዳትነካው።»

«ያመዋል?» አለ አንዋር።

«ያመዋል እንጂ! ስለማይጮህ ነው።»

ይሄኔ የነስሩን መዳፍ ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። የዶክተሩ ፊት ተለወጠ።

«ይሄ መሰፋት አለበት። ጅማቱም ሳይነካ አልቀረም። ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰደው።»

«ወስጄው ነበር ዶክተር። ወረቀቱ ጊዜው አልፏል ብለው ከበር መለሱን።»

ፎቶውን መልሶ አየው። ሰው እንዲያክም አልተፈቀደለትም፣ አልፈርድበትም። «አዝናለሁ» አለና ቢስኩትን ቀስ አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው።

ዕለቱን ነስሩን ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። እዚያም በሩን አላለፍንም። አንዋር ከእባቡ አዮዲን ቀንሶ አስቀርቶ ጠርሙሱን ሰጠኝ። ላዩ ላይ «ስም፦ ቢስኩት። ዓይነት፦ እባብ» የሚል ተለጥፎበታል። ነስሩ አነበበውና እጁን ዘረጋልኝ።

የቢስኩት አፍንጫ ጠባሳ እንኳ ሳይተው ዳነ። የነስሩም ቁስል ገጠመ... ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልታጠፍ አሉ። ለደንበኛ መልስ የሚሰጠው በግራ እጁ ነው። እዚህ አሌክስ ውስጥ ደግሞ፣ ልክ እንደ አገራችን፣ በግራ መስጠት ንቀት ነው። ጎጎዎቹ፣ አሮጊት ደንበኞቻችን፣ «እናትህ እንዲህ ነው ያስተማረችህ?» ብለው ይቆጡታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታ ሲል በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል! ማን ነበር ይቅርታ መጠየቅ ያለበት?

ለስደተኛ ቢሮው ለላክነው ኢሜይል እስከ ዛሬ መልስ የለም። የእባቡ ክሊኒክ ግን ይኸው ደኅንነቱን ይጠይቃል።

መልእክቱን ለነስሩ አነበብኩለትና «ምን ብዬ ልመልስ?» አልኩት። በፍርግርጉ ቀዳዳ ለአንዲት ጎጎ ዳቦ እያቀበለ ነበር... በግራው።

«ድኗል በላቸው» አለኝ። «ቀኝ እጁ ብቻ አልጨብጥ ብሎታል።»