የግራው ወንበር

የፒክአፗ መሪ በቀኝ ነው። በአገሩ የሚነዳው ደግሞ የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። ለማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን አለበት?" ያሰኛል። ችግሩ የሚገባችሁ ዳገት ላይ ከፊት አንድ ተሳቢ ሲያቃስት ነው። ሹፌሩ የተቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሆነ የሚታየው የተሳቢው የኋላ ጎማና ጭቃ መከላከያ ብቻ ነው። ከወዲያ የሚመጣ መኪና ይኑር አይኑር የሚያየው በግራው ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ለብቻ መንዳት ግንብን ተደግፎ ከግንቡ ማዶ ያለውን እንደመገመት ነው።

በዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው የሹፌሩ ሚስት ነበረች።

ፒክአፗን የገዙት ከባሕር ማዶ አሮጌ መኪና ከሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ስትመጣም ልጅ አልነበረችም። በሯ ላይ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ነበር፣ ከወንበሯ ሥር ደግሞ የማያውቁት ሰው አንድ እግር ካልሲ። የረከሰችውም በመሪዋ ምክንያት ነው። መካኒኩ፣ ያን ጊዜ ገና ሆድ ያላወጣ ጎረምሳ፣ ዙሪያዋን ዞሮ፣ ከሥሯ ገብቶ ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ጋሼ፣ ይቺ ናፍጣዋን ካላጓደልክባት ሁላችንንም ትቀብራለች። መሪዋን ግን ወደ ግራ ላዙርልህ" አለው። ሹፌሩ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው።

"ወደ ግራ ካዞራችሁት እኔ ምን ልሠራ ነው? ቤት ልቀመጥላችሁ?"

ቀልድ ነው። ሦስቱም ሳቁ። መሪው እዚያው ቀረ።

ሥራቸው ቲማቲም ነበር። ማለዳ ወንዙ ዳር ካሉት እርሻዎች በሣጥን ይጭናሉ፣ ዳገቱን ወጥተው ከተማው ገበያ ያራግፋሉ። ቲማቲም የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ፀሐይ ሳይበረታ ካልደረሰ የታችኛው ረድፍ ይጨመቅና ጭማቂው በፒክአፗ ጭራ መንጠባጠብ ይጀምራል። መንገዱ ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ሲሚንቶ የጫነ ሁሉ የሚያዘግምበት። ስለዚህ መቅደም የግድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሹፌሩ "እንዴት ነው፣ የሚመጣ አለ?" ይል ነበር። እየቆየ "እንዴት ነው?" ሆነ። በመጨረሻ "እ?" ብቻ ቀረች። እሷም መልሷ ሁለት ነበር፦ "ቆይ" እና "እለፍ"። እለፍ ካለችው አይጠራጠርም፤ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ፒክአፗ ጥቁር ጭሷን ለቅቃ ትወጣለች። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም።

የገበያው ሴቶች "ትራፊኳ" ይሏታል። አንዷ ቲማቲም ቸርቻሪ ደግሞ በየቀኑ የማትሰለቻት ቀልድ ነበረቻት፦ "መኪናዋስ ቀኝ ናት፤ ግራ የገባው ሰውዬው ነው!" ሹፌሩ ይስቃል። ሚስቱ ሣጥኑን እያቀበለች "ባይገባው እኔን ያገባ ነበር?" ትላለች። እንዲህ ነበሩ። ሴት ልጃቸው ያደገችው በሁለቱ መካከል፣ የማርሹን ዘንግ በጉልበቶቿ መሐል አድርጋ ነው። አድጋ፣ አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች በኋላም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው "ፒክአፗ ደህና ናት?" ብላ ነው። እናቷ ትቀየማለች፣ ለይስሙላ።

ነገሩ የተበላሸው ቀስ ብሎ ነው። "ቆይ" በዛች። መጀመሪያ ሹፌሩ ልብ አላለም። በኋላ ግን ከተሳቢ ኋላ ተለጥፎ፣ ጭሱን እየዋጠ "እ?" ሲል "ቆይ" ትለዋለች፤ ወዲያው ከኋላው ያለው ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ፣ እሱንም ተሳቢውንም አልፎ እብስ ይላል። ሌላም ይከተላል። መንገዱ ባዶ ነበር ማለት ነው።

"ይሄ ሁሉ ሰው ሲያልፍ አንቺ ምን እያየሽ ነው?"

"እነሱ መሞት ከፈለጉ ይሙቱ" ትላለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

እርጅና ነው፣ ፈሪ ሆነች፣ አለ በልቡ። ገበያ አርፍደው መድረስ ጀመሩ። ቸርቻሪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ከሌላ መግዛት ጀመሩ። ያቺ ቀልደኛዋ እንኳ አንድ ቀን የላሸቀ ሣጥን ገልብጣ አይታ፣ ያለ ቀልድ መለሰችው። በዚያን ዕለት ሲመለሱ ጋቢናው ውስጥ ተጣሉ። እሱ ብዙ ተናገረ። እሷ በመጨረሻ፣ "መኪናዋ እኮ ጉልበት የላትም" አለችው። "እለፍ ብዬህ መሐል ላይ ብትለግምብንስ? እሱን ፈርቼ ነው።"

ይህን ሲሰማ ደስ አለው ማለት ይቻላል። ሰው ፈሪ ሲሆን አይጠገንም፤ መኪና ግን ይጠገናል። ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጡትን ይዞ መካኒኩ ዘንድ ሄደ። ፖምፓዋ ወርዶ ተፈታ፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተቀየሩ፣ ያልጠበቀው የራዲያተር ቀዳዳም ተገኝቶ ተበየደ። በርግጥም ያረጀ ነገር ስለነበር ጥገናው ከንቱ አልነበረም። ማለዳ ሞተሩ መሞቁን የምታሳየው ቢጫ መብራት ጠፍታ ቁልፉን ሲያዞር፣ ፒክአፗ ጎረቤት የሚያስቆጣውን ነጭ ጭስ ሳታበዛ ተነሣች። ዳገቱንም እንደ ልጅነቷ ያዘችው። ከተሳቢው ኋላ ደረሱ።

"እ?"

"ቆይ።"

ያን ጊዜ መሪውን በመዳፉ መታው። እሷም በለሰለሰ ድምፅ፣ "መስታወቱ ነው" አለች። "ፀሐይ ሲያርፍበት ይጨፈግግብኛል። ተጭሯል እኮ።"

እሱም ውሸት አልነበረም። የፊት መስታወቱ በዝናብ መጥረጊያው ተፍቆ ደብዝዟል፤ ከእሷ ፊት ለፊት ደግሞ ጠጠር የመታው ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዷል፣ እንዳይሰፋ በቢጫ ፕላስተር ተለጥፎ። ሹፌሩ መስታወት ፍለጋ ወጣ። እንዲህ ላለ ዕድሜ ጠገብ መኪና መስታወት ማግኘት የሞተ ዘመድ እንደማስነሣት ነው። በየጋራዡ ሳቁበት። በስተመጨረሻ የተጋጩ መኪኖች ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ሌላ ከተማ እንዳለ ነገሩት። ሚስቱ በዚያ ቀን ራሷን አሟት ተኝታ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ራስ ምታት ያበዛባት ነበር። የራሳቸውን ፍራሽ ከአልጋ አንሥቶ ፒክአፗ ላይ አነጠፈና ብቻውን ሄደ። መንገዱን ሙሉ ማንንም አልቀደመም። መስታወቱን በፍራሹ ላይ አስተኝቶ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር የታመመ ሰው የጫነ ያህል እየተሳቀቀ ተመለሰ። ገንዘቡ ከየት መጣ አትበሉኝ፤ የእሷ የጆሮ ጉትቻ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። የሰጠችውም ራሷ ናት።

በማግስቱ ሁለቱም ጋራዥ ሄዱ። አዲሱን መስታወት ግድግዳ አስደገፉት፣ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ። እሷ ጥላ ሥር፣ የመካኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መካኒኩ አሮጌውን ከማውለቁ በፊት ዘይቷን ልይ ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ ነበር፤ አይቶ ሲያበቃ ጓ አድርጎ ዘጋው። እሷ ድምፁን ሰማች። ሥራው ያለቀ መሰላት። ተነሥታ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በእጇ እየዳበሰች መጣች፣ በሯን ከፈተች፣ ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ሻሿን አስተካከለች።

"ኧረ እንዴት ጠርቷል!" አለች። "ስንጥቁም ጠፋ። እጅህ ይባረክ።"

ስንጥቁ ከፊቷ ነበር። ቢጫው ፕላስተር ከአፍንጫዋ በክንድ ርቀት ላይ ነበር።

መካኒኩ በእጁ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። "አሜን እትዬ" አለ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ አየና ዓይኑን መለሰ።

ሹፌሩ ዛሬ ሲያወራው፣ በዚያች ቅጽበት ስንት ነገር ወደ አእምሮው እንደመጣ ይገርመዋል። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን በብርጭቆው ጠርዝ ላይ የምታደርገው። ሣጥኖቹን በእጇ እየነካች የምትቆጥረው። ቤታቸው ደጃፍ ያለችው ደረጃ በየቀኑ የምታደናቅፋት። ሁሉንም አይቶታል፤ አንዱንም አላየውም። በግራ በኩል ሄዶ የተከፈተውን በር ያዘ።

"እናቷ" አለ፣ "ገና አልተገጠመም እኮ።"

እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። መካኒኩ ሰው የጠራው መስሎ ወደ ውጪ ወጣ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ" አለች። "ፍሬኑን ያሠራህ ጊዜ ነው የሄደው። የቀኙ ፖምፓዋ ሲፈታ ትንሽ ትንሽ ያይ ነበር። አሁን እንደ ጭስ ነው።"

የዓይኗን ዘመን የምትቆጥረው በመኪናዋ ጥገና ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ሌላ ሰው ታስቀምጥበት ነበር።"

"ዓይንሽ ሳያይ እዚህ ወንበር ላይ... ብንገለበጥስ? ብንጋጭስ?"

ያን ጊዜ ብቻ ነው ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው። "መቼ እለፍ አልኩህ? ሳላይ እለፍ ያልኩህ አንድ ቀን አለ? ቆይ ነው ያልኩህ። ቆይ ተብሎ የሞተ ሰው የለም።"

እውነቷን ነው። ስንት ሣጥን ቲማቲም አጥፍታበታለች፣ ስንት ደንበኛ፤ ነፍሱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለግምት አልሰጠቻትም።

የዓይን ሐኪሟ ልጃቸውን የምታክል ወጣት ናት። በመሣሪያዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። የዓይኗ ውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ቀስ በቀስ እንደገደለው፣ የሞተው ደግሞ በመነፅርም በቀዶ ሕክምናም እንደማይመለስ ነገረቻቸው። ጠብታ ሰጠቻት፣ የቀረችው ብርሃን ብትቆይላት ብላ። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ባለበት ማቆም ይቻል እንደነበርም አልደበቀቻቸውም። ሹፌሩ ጋራዥ ያለ ይመስል፣ የሚቀየር ነገር የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም አለችው። ከሌላ ሰውስ፣ ከእኔ አንዱን ብትወስዱ፣ አለ። ሐኪሟ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችና ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ሚስቱ ክንዱን ፈልጋ ያዘች፤ ሐኪሟን ላለማስቸገር ይመስል፣ "በቃ እንሂድ" አለችው።

መስታወቱ ተገጠመ። ምን ይደረግ፣ ተገዝቷል። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ልጃቸው ደውላ አለቀሰች፣ እናቷን ወደ ራሷ እንድትወስዳት፣ ፒክአፗም እንድትሸጥ ለመነች። እናትየው አሻፈረኝ አለች፤ የማታውቀው ቤት ውስጥ ግድግዳ ስትዳብስ መኖር አልፈለገችም። መካኒኩም አንድ ቀን ሹፌሩን ለብቻው ጠርቶ፣ መሪውን አሁን እንኳ ወደ ግራ ላዙርልህ፣ የእጄንም አልጠይቅህም፣ አለው።

"ወደ ግራ ካዞርከው እሷ የት ልትቀመጥ ነው?"

"በቀኝ ነዋ ጋሼ።"

"በቀኝ ምን ትሠራለች?"

መካኒኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሹፌሩን የሚበላው ግን ይህ አይደለም። ያን ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ መሪው ዞሮ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ራሱ ያይ ነበር። እሷም ዓይኗ ሲደክም "ደከመኝ" ትል ነበር እንደማንኛውም ሰው፣ የምትነጠቀው ወንበር ስለማይኖር። በአንድ ቀልድ ሳቁና ሄዱ። ይህን ሲናገር ድምፁ አይለወጥም፤ የቲማቲም ዋጋ እንደሚጠራ ሰው ነው የሚናገረው።

አሁንም ይጭናሉ፤ ጥቂት ሣጥን፣ ጥቂት ደንበኛ። ሰሞኑን ዳገቱ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ኋላ ገቡ። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ መከተል ጀመረ። ጥያቄውን ከሐኪሟ ዘንድ ከተመለሱ ወዲህ ትቶታል። መኪናዋ ታጉረመርማለች፤ ሣጥኖቹ ከኋላ ይንቋቋሉ። ሚስቱ ወደፊት ቀና ብላ፣ አገጯን ከፍ አድርጋ፣ በጠራው መስታወት ፊት እንደ ድሮዋ ተቀምጣለች። ጥቂት እንደሄዱ፣

"ለምን አትጠይቀኝም?" አለችው።

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

"እ?" አለ በመጨረሻ።

ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘነበለች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

"ቆይ" አለች።

ከኋላቸው አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ ወጣ። ሁለቱንም አልፎ ሄደ። ሌላ ፒክአፕ ተከተለው፣ ከዚያም አውቶቡስ፣ ማንም ሳያስቆማቸው። ሹፌሩ የተሳቢውን ጭቃ መከላከያ እያየ፣ ጭሱን እየዋጠ፣ ቆየ።